የቧንቧችን ውሃ ነጭ ቅርፊት ይጋግራል፤ የሚጎዳው ዕቃችንን ነው ወይስ እኛን?

ሰላም ጤና ይስጥልኝ። ዛሬ የማነሳው የቧንቧ ውሃን ነገር ነው። እኛ ሰፈር ውሃ አፍልቶ የማያማርር የለም። ማንቆርቆሪያው ውስጡ ነጭ ቅርፊት ይጋግራል። የሻወሩ ቀዳዳዎች ይደፈናሉ። ሳሙና እንደ ልብ አረፋ አያወጣም፤ ግራጫ ዝቃጭ ሆኖ ገንዳው ላይ ይለጠፋል። ብርጭቆ ታጥቦ ሲደርቅ ነጭ ነጠብጣብ ይቀርበታል። አንዳንድ ቀን ክሎሪን ክሎሪን ይሸታል። ጠፍቶ ሲመለስ ደግሞ ቡናማ ሆኖ ይወርዳል።

ጎረቤቶቼ በዚህ ጉዳይ አይግባቡም። አንዱ ለኩላሊት ጠጠር ይዳርጋል ብሎ ልጆቹን የቧንቧ ውሃ ከልክሏል። ሌላዋ ያደግንበት ውሃ ነው፣ ምንም አይልም ትላለች። ማጣሪያ የገዙም አሉ፤ ምን እንደሚያጣራላቸው ግን አያውቁም። እኔ ቁርጡን ማወቅ እፈልጋለሁ። ይህ ውሃ የሚጎዳው ዕቃችንን ነው ወይስ እኛን? ለማወቅስ ምን ማስለካት አለብን? የምታውቁ አካፍሉን።

ብዙ ሰው መለሰ። ዘግይቶ ለሚመጣ አንባቢ እንዲመች ምላሾቹን በተራ አወጋቸዋለሁ። መሃል መሃል የራሴንም እጨምራለሁ።

1. መጀመሪያ የመለሱት የኬሚስትሪ መምህር ናቸው። ሰላምታቸው ረጅም፣ ማብራሪያቸው ጥርት ያለ ነው። ዝናብ ሲወርድ ውሃው ለስላሳ ነው ይላሉ። አፈር ውስጥ ሲሰርግ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይቀላቀልበትና ደካማ አሲድ ይሆናል። ያ ውሃ በኖራ ድንጋይ፣ በዶሎማይትና በጂፕሰም መካከል ሲያልፍ ካልሲየምና ማግኒዝየም አሟሙቶ ይዞ ይሄዳል። ጠንካራ ውሃ የሚባለው እነዚህ ሁለቱ የበዙበት ነው። የጉድጓድ ውሃ ከድንጋይ ጋር ረጅም ጊዜ ስለሚቆይ ከወንዝና ከግድብ ውሃ ይልቅ ብዙ ጊዜ ጠንካራ ይሆናል። ሲፈላ ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ይወጣል፤ ካልሲየሙ ካርቦኔት ሆኖ ይዘቅጣል። ማንቆርቆሪያ ላይ የምናየው ቅርፊት ይኸው ነው።

2. አንዲት እህት ወዲያው ጥያቄ አስከተለች። ነገሩ እንዲህ ከሆነ የፈላ ውሃ ለስላሳ ሆነ ማለት አይደለም ወይ ብላ ጠየቀች። ጥሩ ጥያቄ ነው።

3. መምህሩ ተመልሰው መለሱላት። በከፊል አዎ ነው መልሱ። ከባይካርቦኔት ጋር (የኖራ ድንጋይ በዚያ ደካማ አሲድ ሲሟሟ ከሚፈጠረው ጋር) ያለው ጥንካሬ በማፍላት ይቀንሳል፤ ጊዜያዊ የሚባለውም ለዚህ ነው። ከሰልፌትና ከክሎራይድ ጋር ያለው ግን ቢፈላም ውሃው ውስጥ ይቀራል። ከጂፕሰም ድንጋይ የሚመጣ ውሃ እንዲህ ያለ ነው። ስለዚህ ሁለት ሰፈሮች እኩል ጠንካራ ውሃ እየጠጡ የአንዱ ማንቆርቆሪያ ነጭ፣ የሌላው ንጹህ ሊሆን ይችላል።

4. ውሃ ላብራቶሪ ውስጥ የምትሠራ ሴት ቁጥሩን አመጣችልን። የጥንካሬ ልኬት በካልሲየም ካርቦኔት ተሰልቶ በሚሊግራም በሊትር ይጻፋል። እስከ 60 ለስላሳ፣ ከ61 እስከ 120 መካከለኛ፣ ከ121 እስከ 180 ጠንካራ፣ ከ180 በላይ በጣም ጠንካራ ይባላል። የላብራቶሪው ወረቀት ካልሲየምንና ማግኒዝየምን ለየብቻ ከጻፈ ካልሲየሙን በ2.5፣ ማግኒዝየሙን በ4.1 አባዝቶ መደመር ነው። ለምሳሌ ካልሲየም 80፣ ማግኒዝየም 20 ቢሆን 200 እና 82 ተደምሮ 282 ይመጣል። የልብስ ማጠቢያ ማሽን መመሪያ ላይ የጀርመን ዲግሪ ካያችሁ አንዱ ዲግሪ 17.8 ሚሊግራም ነው፤ የፈረንሳዩ ደግሞ 10።

እሷ ናት የውይይቱን ዋና ነገርም ቀድማ የተናገረችው። የዓለም ጤና ድርጅት ለውሃ ጥንካሬ ከጤና አንጻር ያስቀመጠው ጣሪያ የለም። ጥንካሬው ወደ 200 ሲጠጋና ሲያልፍ፣ በተለይ ውሃው ሲሞቅ፣ ቅርፊት መጋገር ይጀምራል። ከ100 በታች የሆነ ለስለስ ያለ ውሃ ደግሞ ቧንቧ የመብላት ባህርይ ሊኖረው ይችላል። ይህን የመጨረሻውን አስታውሱልኝ፤ ታች ይመለሳል።

5. አንድ ታሪክ ወዳድ ሰው ስለ ቶማስ ክላርክ ጻፈልን። ክላርክ የስኮትላንድ ኬሚስት ነበር። በ1841 ውሃን በኖራ የማለስለስ ዘዴ በስሙ አስመዘገበ። ነገሩ ግራ ያጋባል፤ ኖራ ያለበትን ውሃ በኖራ ማከም ነውና። የሚጨመረው ኖራ ባይካርቦኔቱን ወደ ካርቦኔት ይለውጠዋል፣ ካልሲየሙም አብሮ ይዘቅጣል። የክላርክ መለኪያም ሳሙና ነበር። ውሃውን ከተበጠበጠ ሳሙና ጋር እየናጡ፣ ቶሎ የማይጠፋ አረፋ እስኪወጣ ምን ያህል ሳሙና እንደፈጀ ማየት ነው።

6. ይህን ያነበበ ወጣት እቤቱ እንደሞከረው ነገረን። ሁለት ክዳን ያላቸው ጠርሙሶች ወሰደ። በአንዱ የቧንቧ ውሃ፣ በሌላው ተንኖ የተጣራ (ዲስቲልድ) ውሃ አደረገ። እኩል ጠብታ ፈሳሽ ሳሙና ጨምሮ ናጣቸው። የተጣራው አረፋ ጢም ሲል የቧንቧው ደፈረሰ። መምህሩ አድንቀውት አንድ እርማት ጨመሩ፦ ለዚህ ሙከራ የሚሆነው እውነተኛ ሳሙና እንጂ የዕቃ ማጠቢያ ዲተርጀንት አይደለም። ዲተርጀንት በጠንካራ ውሃም ያረፋል።

7. ከዚህ በኋላ ወሬው ወደ ቦይለር ሄደ። አንድ የቧንቧ ሠራተኛ ብዙ ዓመት ያየውን ጻፈ። ቅርፊቱ ማሞቂያው ብረት ላይ ይጋገራል፤ ሙቀት አያሳልፍም። ብረቱ ከመጠን በላይ ይግልና ይቃጠላል። የመብራት ፍጆታም ይጨምራል። ቦይለር ውስጥ እንደ ጠጠር የሚንኳኳ ድምፅ ከሰማችሁ ከታች የተጠራቀመው ቅርፊት ነው። ምክሩ ሁለት ነው። ታንከሩን በየጊዜው ከታች አፍስሱት፣ ሙቀቱን ደግሞ ወደ 45 ዲግሪ ዝቅ አድርጉት። ቅርፊት በሙቀት ልክ ይበዛልና።

8. እዚህ ላይ ነገሩ ጠነከረ። አንድ የጤና ባለሙያ ሁለተኛውን ምክር በቁጣ ነው የተቃወመው። ሌጂዮኔላ የሚባል ባክቴሪያ ከ20 እስከ 45 ዲግሪ ባለው ውሃ ውስጥ ይራባል። 60 ዲግሪ ላይ ይሞታል። በእንፋሎትና በሻወር ጤዛ ወደ ሳንባ ሲገባ ከባድ የሳንባ ምች ያመጣል። ስሙን ያገኘው በ1976 በፊላደልፊያ ከተማ በአሜሪካ የቀድሞ ወታደሮች ማኅበር ጉባኤ ላይ ከተነሳው ወረርሽኝ ነው። ለማሞቂያ ብረት ብሎ ሰው ላይ መፍረድ አይገባም ሲል ደመደመ።

9. የቧንቧ ሠራተኛው ተቀየመ። እኔ ሰው ለመጉዳት አልጻፍኩም፣ ከወንበር ላይ ሆኖ መቆጣት ቀላል ነው የሚል መንፈስ ያለው መልስ ሰጠ። ደግሞም 60 ዲግሪ የሆነ ውሃ ሕፃን ልጅን በጥቂት ሰከንድ እንደሚያቃጥል አስታወሰ። በዚህ እውነት አለው።

10. የሚያስታርቅ ሰው አልጠፋም። አንዲት መሐንዲስ ሁለቱም ልክ እንደሆኑ ጻፈች። ታንከሩ ውስጥ 60 ዲግሪ ይሁን፤ መውጫው ላይ ቀዝቃዛ ውሃ የሚቀላቅል ቫልቭ ይገጠም። ቅርፊቱን በየጊዜው በማጽዳት ማሸነፍ ይቻላል። ባክቴሪያውን ግን ማንም በዓይኑ አይቶ አያጸዳውም። የቧንቧ ሠራተኛውም ተስማማ። ምስጋና ይገባቸዋል፤ ሦስቱም በሙያቸው ነው የተናገሩት።

11. ቀጥሎ የተጠበቀው የኩላሊት ጠጠር መጣ። አንድ ሰው አጎቱ ጠጠር እንዳወጣ፣ የሚጠጣውም ይህን መሰል ነጭ ውሃ እንደነበር ጻፈ። ማንቆርቆሪያ ውስጥ የሚጋገር ኩላሊት ውስጥ የማይጋገርበት ምክንያት ምንድን ነው ብሎም ጠየቀ። ብዙ ሰው ይህን ምላሽ ወደደለት። የሁላችንም ጥርጣሬ ስለሆነ ነው።

12. አንድ ሐኪም በትዕግስት መለሱ። ማንቆርቆሪያ ላይ የሚጋገረው ካልሲየም ካርቦኔት ነው። አብዛኛው የኩላሊት ጠጠር ግን ካልሲየም ኦክሳሌት ነው፤ የሚፈጠርበትም መንገድ ሌላ ነው። ምግብ ውስጥ ያለ ኦክሳሌት አንጀት ውስጥ ካልሲየም ካገኘ እዚያው ይተሳሰርና በሰገራ ይወጣል። ካልሲየም ካጣ ብዙው ወደ ደም ይገባና በኩላሊት በኩል ይወጣል። ስለዚህ ካልሲየምን በፍርሃት ማጥፋት ጠጠርን እንዲያውም ሊያባብስ ይችላል። ዋናው መከላከያ በቂ ፈሳሽ መጠጣት ነው። ሰው ውሃውን ፈርቶ ትንሽ ከጠጣ ያኔ ነው ችግሩ። ጠጠር የወጣለት ሰው ግን ዓይነቱን አስመርምሮ የሐኪሙን ምክር ይከተል ብለዋል።

እኔ ይህን ምላሽ አትሜ ለዚያ ጎረቤቴ ልሰጠው አስቤያለሁ። ልጅን ውሃ መከልከል ቀላል ነገር አይደለም።

13. ባለ አጎቱ ግን አልተዋጠለትም። ሐኪሞች ዛሬ ያሉትን ነገ ይለውጣሉ ብሎ በቁጣ መለሰ። ሁለት ሦስት ሰዎች ተከተሉት፣ ሌሎች ተሳለቁበት። የተሳለቁበትን አልወደድኩም። ሰውየው የታመመ ዘመድ አይቶ ነው የፈራው።

14. አንዲት እናት ልጇ ቆዳው እየደረቀ እንደሚያሳክከው ጻፈች። ኤክዜማ ነው ተብሏል። የውሃ ማለስለሻ ማሽን ብታስገባ ይሻለው እንደሆነ ጠየቀች።

15. የጤና ባለሙያው፣ ያ ቅድም የተቆጣው፣ አሁን በጣም ለስለስ ብሎ መለሰላት። በእንግሊዝ 336 ኤክዜማ ያለባቸው ልጆች የተሳተፉበት ጥናት ነበር፤ በ2011 ታትሟል። ለግማሾቹ ቤት ማለስለሻ ተገጠመ፣ ለሌሎቹ ሳይገጠም ቆየ። በኤክዜማው ላይ የተለየ ለውጥ አልታየም። ጠንካራ ውሃ ሳሙና ስለሚያስበዛ፣ በደንብ ስለማይለቀለቅም ቆዳን ሊያደርቅ ይችላል። ስለዚህ ሳሙና ቀንሺ፣ በደንብ አለቅልቂው፣ ከታጠበ በኋላ ቶሎ ቅባት ቀቢው አላት። እናትየው መርቃዋለች።

16. ከዚያ አንድ ሰው በኪስ የሚያዝ የቲዲኤስ መለኪያ ይዞ መጣ። ውሃ ውስጥ ሲነከር ቁጥር ያሳያል። ቁጥሩ ከፍ ካለ ውሃው ቆሻሻ ነው፣ ዝቅ ካለ ንጹህ ነው ብሎ በድፍረት ጻፈ። ማጣሪያ የሚሸጡ ሰዎችም በዚህ መለኪያ ያሳምናሉ።

17. የላብራቶሪዋ ሴት እዚህ ላይ ትዕግስቷ አለቀ። መለኪያው የሚለካው ውሃው ኤሌክትሪክ ምን ያህል እንደሚያስተላልፍ ብቻ ነው። ከዚያ የሟሙ ማዕድናትን ጠቅላላ መጠን ይገምታል። ጠቃሚውን ካልሲየም ከጎጂው አይለይም። ባክቴሪያ አይታየውም። እርሳስ (ሊድ የሚባለው ብረት) ወይም ፍሎራይድ በሚጎዳ መጠን ቢኖር እንኳ ከጠቅላላው አንጻር በጣም ትንሽ ስለሆነ ቁጥሩን አያነቃንቀውም። በሰገራ የተበከለ የምንጭ ውሃ ዝቅተኛ ቁጥር ሊያሳይ ይችላል። በዚህ ቁጥር ተማምኖ ለልጅ ውሃ የሚሰጥ ሰው ራሱን እያታለለ ነው ብላለች። ቃሏ ጠንካራ ነው፤ ግን መባል ያለበት ነው።

18. አንድ አባት ክርክሩን ለመቋጨት ፈለጉ። እኛ ቤት ሁሉንም አፍልተን ነው የምንጠጣው፣ ከፈላ በኋላ ምን የሚያስፈራ ነገር ይቀራል የሚል ነው ሐሳባቸው።

19. መምህሩ በአክብሮት መለሱላቸው። ማፍላት ባክቴሪያን፣ ቫይረስንና ጥገኛ ተሕዋስያንን ይገድላል፤ ለዚህ የሚተካከለው የለም። ኬሚካል ግን አያጠፋም። እንዲያውም ውሃው እየተነነ ሲያንስ ናይትሬትና ፍሎራይድ ይበልጥ ይከማቻሉ። ናይትሬት ከማዳበሪያ፣ ከከብት ፍግና ከመጸዳጃ ጉድጓድ ወደ ከርሰ ምድር ውሃ ይገባል። ሽታ የለውም፣ ቀለም የለውም። በጡጦ የሚመገብ ሕፃን ናይትሬት የበዛበት ውሃ ሲጠጣ ደሙ ኦክስጅን የመሸከም አቅሙ ይዳከማል፤ ከንፈሩና ቆዳው ሰማያዊ ይሆናል። ኮምሊ የሚባል አሜሪካዊ ሐኪም ይህን ከእርሻ ጉድጓድ ውሃ ጋር አያይዞ የጻፈው በ1945 ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ጣሪያ 50 ሚሊግራም በሊትር ነው። አባትየው አመስግነው የልጅ ልጃቸው የሚጠጣውን እንደሚያስመረምሩ ጻፉ።

20. በውይይቱ ውስጥ ከሁሉም በላይ የነካኝ ይህ ምላሽ ነው። የጻፈው ሰው ያደገው በስምጥ ሸለቆ ነው። የሰፈሩ ውሃ ጥርት ያለ ነበር። ማንቆርቆሪያ ላይ ብዙም አይጋግርም፣ ሳሙናም ቶሎ ያረፋል። ማንም አልጠረጠረውም። ጥርሱ ግን ገና ልጅ ሳለ ቡናማ ሆነ። የእኩዮቹም እንዲሁ። ባለመቦረሹ ነው እየተባለ ሲሳቅበት አደገ። ሲስቅ እስከ ዛሬ አፉን በእጁ ይሸፍናል። የሰፈሩ ትልልቅ ሰዎች ደግሞ ወገባቸውና መገጣጠሚያቸው ይደርቅ ነበር። ምክንያቱ ፍሎራይድ እንደሆነ ያወቀው ካደገ በኋላ ነው።

21. የላብራቶሪዋ ሴት ከዚህ በኋላ የጻፈችው ለእኔ ጥያቄ ትክክለኛው መልስ ነው። በስምጥ ሸለቆ ያለው እሳተ ገሞራ ወለድ ድንጋይ ፍሎራይድ ይለቃል። ውሃው ውስጥ ካልሲየም በብዛት ካለ ከፍሎራይዱ ጋር ተጣምሮ ካልሲየም ፍሎራይድ ይሆንና የተወሰነው ይዘቅጣል። ካልሲየም ካነሰ ግን ፍሎራይዱ ውሃው ውስጥ ይቀራል። ስለዚህ ፍሎራይድ የበዛበት ውሃ ብዙ ጊዜ ለስላሳ ነው። ሳሙና ያረፋል፣ ብርጭቆ ላይ ነጠብጣብ አይተውም። የዓለም ጤና ድርጅት ጣሪያ 1.5 ሚሊግራም በሊትር ነው። የጥርሱ ጉዳት የሚደርሰው ጥርስ ድድ ውስጥ ሆኖ ገና በሚሠራበት የልጅነት ዕድሜ ነው። ከዚያ በኋላ ውሃውን ቢቀይሩትም የጥርሱ ቀለም አይመለስም። መቦረሽ አለመቦረሽ ምንም አያገናኘውም። ማፍላት አይረዳም። የሚቀንሱት በአጥንት ከሰል፣ በአክቲቬትድ አሉሚና (ፍሎራይድ በላዩ የሚይዝ ማዕድን) ወይም በሪቨርስ ኦስሞሲስ (ውሃን በግፊት በረቂቅ ስስ ሽፋን በማሳለፍ) የሚሠሩ ማጣሪያዎች ናቸው።

እዚህ ቆም እንበል። እኛ በሚታየው ነጭ ነገር ስንጨነቅ የከረምነው ሰዎች ነን። ይህ ሰው ያደገበት ውሃ በእኛ መለኪያ ምርጥ ውሃ ነበር። ቅርፊት ያለው ውሃ ሁሉ ደህና ነው ማለት አይደለም፤ ናይትሬትም ባክቴሪያም ከካልሲየም ጋር አብረው ሊገኙ ይችላሉ። ግን ጥንካሬና ደህንነት ሁለት የተለያዩ ጉዳዮች ናቸው። አንዱን አይቶ ስለ ሌላው መፍረድ አይቻልም። ልጆች ያሉበት ሰፈር የፍሎራይድ ልኬቱን ሳያውቅ መቀመጥ የለበትም።

22. ስለ ማለስለሻ ማሽን የጠየቀም ነበር። ማሽኑ ውስጥ ያለው ሬዚን (ጥቃቅን የፕላስቲክ እንክብሎች) ካልሲየምና ማግኒዝየምን ይዞ ሶዲየም ይለቃል። ለዚህም ነው በየጊዜው ጨው የሚጨመርበት።

23. ሐኪሙ አንድ ጥንቃቄ አከሉ። በ100 ሚሊግራም ጥንካሬ ወደ 46 ሚሊግራም ሶዲየም በሊትር ይጨመራል። ቅድም በምሳሌ በመጣው 282 ሲሰላ ወደ 130 ይሆናል። ጨው ቀንሱ ለተባሉ ሰዎችና ለሕፃናት ወተት መበጥበጫ የማእድ ቤቱ አንድ ቧንቧ ሳይለሰልስ ይቅር። ሙቅ ውሃውና የልብስ ማጠቢያው ብቻ ቢለሰልስ ይበቃል።

24. የከሰል ማጣሪያ ገዝቶ ቅርፊቱ አልቀነሰልኝም ያለ ሰው ነበር። አይቀንስም። ከሰል ክሎሪንንና ሽታን ይይዛል እንጂ ካልሲየምን አይነካም። ካርትሬጁ በጊዜው ካልተቀየረ ደግሞ ራሱ የባክቴሪያ መራቢያ ይሆናል።

25. ማግኔት ቧንቧ ላይ አስሮ የተጠቀመ አለ፤ ሠራልኝ ይላል። መምህሩ ማስረጃው የተምታታ እንደሆነ ጻፉለት። ማግኔቱ ካልሲየሙን ከውሃው ውስጥ አያወጣውም።

26. ከዚህ በኋላ ወሬው ተበታተነ። ለካውያና ለመኪና ባትሪ የቧንቧ ውሃ ይሆናል ወይ ተባለ፤ ለባትሪ ዲስቲልድ ውሃ ብቻ ነው። ጥራጥሬ በጠንካራ ውሃ ለምን አይበስልም የሚልም መጣ። ካልሲየሙ የጥራጥሬውን ሽፋን ስለሚያጠነክረው ነው። ዓሣ የሚያረባ ልጅ ረጅም ጽሑፍ ጻፈ፤ ዓሣዎቹ ጠንካራ ውሃ ይወዳሉ። እዚህ ላይ ቶሎ አልፋለሁ።

27. ቅርፊት ስለ ማስለቀቅ የተጻፈው ግን መዘለል የለበትም። ኮምጣጤ ወይም ሲትሪክ አሲድ ውሃ ውስጥ በጥብጦ ማንቆርቆሪያው ላይ መተው፣ ከዚያ ማለቅለቅ በቂ ነው። የሻወሩንም ራስ ፈትቶ መዘፍዘፍ ነው። አንዲት ሴት ነጭ እንዲሆንላት በረኪና እንደምትጨምርበት ጻፈች።

28. ሦስት ሰዎች በአንድ ጊዜ አስጠነቀቋት። በረኪና ከአሲድ ጋር ሲገናኝ የክሎሪን ጋዝ ይወጣል። በተዘጋ መታጠቢያ ቤት ውስጥ ሳንባን ይጎዳል። ኮምጣጤም ሎሚም አሲድ ናቸው። እባካችሁ ይህን ለቤት ሠራተኞችና ለልጆችም ንገሩ።

29. ስለ ቀለሙና ሽታው የመለሰው አንድ የውሃ ሥርጭት ቴክኒሻን ነው። ውሃ ጠፍቶ ሲመጣ ግፊቱ ቧንቧ ውስጥ የተቀመጠውን ዝገትና ደለል ያነሳዋል። ቡናማው ብዙ ጊዜ ብረት ነው። ጥርት እስኪል ማፍሰስ ነው፤ ያን ውሃ ታንከር ውስጥ አታስገቡ። ይበልጥ የሚያስፈራው ግን ሌላ ነው። ውሃ ሲጠፋ ቧንቧው ውስጥ ግፊት አይኖርም። ቀዳዳ ካለ የውጭ ፍሳሽ ወደ ውስጥ ይሳባል። ስለዚህ ከጠፋ በኋላ የመጣን ውሃ ጥርት ቢልም አፍሉት። ነጭ ሆኖ ወርዶ ብርጭቆ ውስጥ ከታች ወደ ላይ የሚጠራ ከሆነ ግን አየር ነው፤ አይጎዳም።

ክሎሪኑን በተመለከተ ምክሩ ግልጽ ነው። ትንሽ የክሎሪን ሽታ ውሃው እየተጠበቀ መሆኑን ያሳያል። ጣዕሙ ካስጠላችሁ በንጹህ ማሰሮ ጥቂት ሰዓት ይቀመጥ፣ ይተናል። ክሎሪኑ ከጠፋ በኋላ ግን ውሃው ከለላ የለውም፤ በዚያው ቀን ጠጡት።

30. ቧንቧ ወደሚበላ ውሃ ነገር የተመለሰችው መሐንዲሷ ናት። በ2014 የአሜሪካዋ ፍሊንት ከተማ የውሃ ምንጯን ወደ ፍሊንት ወንዝ ቀየረች። አዲሱ ውሃ ቧንቧ የሚበላ ነበር፤ መከላከያ ኬሚካልም አልተጨመረበትም። አሮጌዎቹ ቧንቧዎች እርሳስ ለቀቁ፤ ልጆች ያን ውሃ ጠጡ። የእርሳስ ጣሪያ በዓለም ጤና ድርጅት 0.01 ሚሊግራም በሊትር ነው፤ በምላስ አይታወቅም። በአንጻሩ ስስ የካልሲየም ሽፋን የብረት ቧንቧን ከመበላት ሊያግዝ ይችላል። ስለዚህ የውሃ ምንጭ ሲቀየር ነዋሪው የማወቅ መብት አለው ብላ ጽፋለች። በዚህ ሙሉ በሙሉ አብሬያት ነኝ።

31. ባለ አጎቱ ሰውዬ ተመልሶ መጣ፤ በቁጣ አይደለም። ምን ምን እንደሚያስለካ በቅደም ተከተል ንገሩኝ አለ።

32. የላብራቶሪዋ ሴት መለሰችለት። መጀመሪያ ኢኮላይ (የሰገራ ብክለትን የሚያሳየው ባክቴሪያ)፤ በማንኛውም 100 ሚሊሊትር ውስጥ ጭራሽ መገኘት የለበትም። ቀጥሎ ፍሎራይድና ናይትሬት። ቧንቧው አሮጌ ከሆነ እርሳስ። ከዚያ ብረት፣ ፒኤች (የአሲድነት ልኬት) እና ጠቅላላ ጥንካሬ። ጥንካሬው መጨረሻ የመጣው አውቃ ነው።

ናሙና አወሳሰዱም የራሱ ሥርዓት አለው። ለባክቴሪያ ላብራቶሪው በሚሰጠው የጸዳ ጠርሙስ ብቻ ነው። የቧንቧው አፍ ይጸዳል፣ ውሃው ትንሽ ይፈስሳል፣ ከዚያ ይቀዳል። የጠርሙሱ አፍ በእጅ አይነካም። ቀዝቀዝ ብሎ በዚያው ቀን መድረስ አለበት። ለእርሳስ ደግሞ ተቃራኒው ነው። ሌሊቱን ቧንቧው ውስጥ ያደረው የመጀመሪያው ውሃ ነው የሚፈለገው፤ ሳይፈስስ ይቀዳል።

33. ቴክኒሻኑ አንድ ነገር ጨመረበት። ከአንድ ቤት የተቀዳ ናሙና ስለ ሰፈሩ አይናገርም። ከመስመሩ መግቢያ፣ ከመስመሩ መጨረሻና ታንከር ካለው ቤት ለየብቻ ይቀዳ። በመግቢያው ንጹህ ሆኖ በታንከሩ ከተበከለ የሚታጠበው ታንከሩ ነው። በመግቢያው ራሱ ካለ ግን ነገሩ የውሃ አቅራቢው ነው። የአቅራቢው መሥሪያ ቤትም የራሱ የምርመራ ውጤት ስላለው ነዋሪዎች ተሰብስበው በጽሑፍ ይጠይቁ አለ። ማመልከቻው ላይ አራት ነገር ይጻፍ፦ የመጨረሻው የኢኮላይ ውጤት፣ የቀሪ ክሎሪን ልኬት፣ የፍሎራይድና የናይትሬት መጠን፣ እንዲሁም ውሃው ከየትኛው ጉድጓድ ወይም ግድብ እንደሚመጣና መቼ እንደተቀየረ።

ማመልከቻውን ጽፌዋለሁ። የሰፈራችን ሰዎች የምታነቡ ካላችሁ ፊርማችሁን እፈልጋለሁ።